የሞተር ወንበር በእጅ ተጭኖ አይመረጥም

በአማርኛ «መቀመጫ» ሲባል የሞተሩም ነው፣ የሰውየውም ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ መንገድ የለም። እንዳንደናገር ብዬ ከዚህ በኋላ የሞተሩን «ወንበር» እለዋለሁ።

ሥራዬ የቡና ማኅበራትን እየዞሩ ማየት ነው። በቡና ለቀማ ወቅት በሳምንት አራት ቀን ሞተር ላይ ነኝ። ከሐዋሳ ዲላ፣ ከሐዋሳ ዳዬ፣ አንዳንዴም ሀገረ ሰላም። ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። እኔ ግን አፖስቶ ላይ አንዴ፣ ከዚያ ወዲያ ጥላ ባገኘሁበት ሁሉ እየቆምኩ ነበር የምደርሰው። ሞተሬ 125 ሲሲ ነው። ለኮረኮንች የተሠራ፣ ወንበሩ እንደ ሳንቃ ረጅምና ጠባብ። ሦስት ወንበር ሞክሬ አራተኛው ላይ ነው እፎይ ያልኩት።

የመጀመሪያው ስህተቴ የብዙ ሰው ስህተት ነው። ሱቅ ገባሁ፤ የተደረደሩትን ወንበሮች በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ በጣም የሚሰምጠውን መረጥኩ። ሲቀመጡበት ሶፋ ነው። ለአርባ ደቂቃ ንጉሥ ሆንኩ። ከዚያ ስፖንጁ ተኝቶ ቀረ፤ አጥንቴም ከሥር ያለውን ፕላስቲክ አገኘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከሙት ከዳሌያችን ሥር ያሉት ሁለት አጥንቶች ናቸው። ስፖንጁ በጣም ለስላሳ ከሆነ አጥንቶቹ ሰምጠው ወለሉን ይነካሉ፤ ክብደቱ ሁሉ ሁለት ነጥብ ላይ ያርፋል፣ ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም። ጠንከር ያለ ወንበር መጀመሪያ ላይ ደስ አይልም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን እሱ ያው ነው፣ ለስላሳው የለም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ አትጫኑት። ጉልበታችሁን አሳርፉበትና ክብደታችሁን ጣሉበት። ወለሉ ከተሰማችሁ ትታችሁ ውጡ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን የት እንደሚያማችሁ ለዩ። አጥንቶቹ ላይ ከሆነ ወይ ስፖንጁ አልቋል፣ ወይ ወንበሩ ጠቧችኋል። የጭናችሁን ውስጥ የሚቆርጣችሁ ከሆነ የወንበሩ ጠርዝ ስለታም ነውና መከርከም አለበት። ወገብ ከሆነ ወንበሩን አትውቀሱት፤ ብዙ ጊዜ መሪው ርቆ ነው፣ ወይም እናንተ ጎብጣችሁ። ጉድጓድ በገባችሁ ቁጥር እስከ አናታችሁ የሚመታችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የኋላውን ሞላና የጎማውን ንፋስ እዩ። የሞላን በሽታ በስፖንጅ ማከም አይቻልም።

ብሽሽት አካባቢ የሚያማችሁ ወይም የሚደነዝዛችሁ ከሆነ ይህን ቀልድ አታድርጉት። ወንበሩ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። እየነዳችሁ ሳታውቁት ወደ ታንከሩ ትንሸራተታላችሁ፤ በክንዳችሁ ገፍታችሁ ትመለሳላችሁ፤ ደግሞ ትንሸራተታላችሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስትሉ ትውላላችሁ፣ ማታ ትከሻችሁም ያማችኋል። እኔ ከግንበኛ ጎረቤቴ ውሃ ልክ ተውሼ ለካሁት። ሞተሩን በጎን መቆሚያው ሳይሆን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ሰው ይቀመጥበትና ከኋላው ውሃ ልኩን አሳርፉበት፤ ባዶውን ከለካችሁት ያታልላችኋል፣ ሞላው ሲጫን ልኩ ይቀየራል። የምትቀመጡበት ቦታ ጠፍጣፋ ወይም ወደ ኋላ ትንሽ ዝቅ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። የእኔ ሁለተኛ ወንበር ስፖንጁ ግሩም ነበር፤ የጣለው ይኸው ማዘንበሉ ነው።

ቀጥሎ ስፋቱ። ካርቶን ውሰዱ፣ ያ ውስጡ የተሸበሸበው ዓይነት። ደረጃ ላይ አንጥፋችሁ ተቀመጡበት፣ እግራችሁን ትንሽ አንሱና ተነሡ። ሁለት ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ታገኛላችሁ። ከመሃል እስከ መሃል ለኩ። የእኔ 13 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለቤቴ ከእኔ ትቀጥናለች፣ የእሷ ግን 14 ወጣ፤ ውፍረት ሌላ፣ አጥንት ሌላ። የወንበሩ ጠፍጣፋ ክፍል ሁለቱንም አጥንቶች ይዞ በየጎኑ ሁለት ሦስት ጣት ሊተርፈው ይገባል። ሜትር ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ። ባለሱቁ ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ።

ይሁንና ወንበር በሰፋ ቁጥር እግር ይከፈታል፣ እግር በተከፈተ ቁጥር መሬት ይርቃል። ስፖንጅ ስትጨምሩም ከፍታው ይጨምራል። እኔ ቁመቴ መካከለኛ ነው፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር አስጨምሬ ጭቃ ላይ ስቆም በእግር ጣቴ ጫፍ ቀረሁ። ሞተሩ ናሙና ቡና ተጭኖ ነበርና አብረን ወደቅን። መፍትሔው ከኋላ ሰፊ፣ ታንከሩ ጋ ሲደርስ ግን ጠበብ ያለ ወንበር ነው። ከፍታውን ስትለኩ የምትነዱበትን ጫማ አድርጉ።

መሃሉ እንደ ጎድጓዳ ሰሃን የገባና ኋላው እንደ ግድግዳ የቆመ ወንበርም አለ። ሲያዩት ያምራል። ለከተማ ይሁን። ለረጅም መንገድ ግን አንድ ቦታ ይቸክላችኋል፤ የሚያሳርፈው ደግሞ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት እያሉ መቀያየር ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ።

አዲስ ለመግዛት ከወሰናችሁ ሞተሩን ነድታችሁ ሂዱ። የድሮውን ፍቱና ሁለቱን ገልብጣችሁ አስተያዩ፤ ከፊት ታንከሩ ሥር የሚገባው ምላስ፣ የብሎኑ ቀዳዳ፣ ከሥር ያሉት የጎማ እግሮች። «ያው ነው፣ ይገጥማል» የሚባል ነገር የለም። በጉልበት የገባ ወንበር ኮረኮንች ላይ ይሰነጠቃል።

እኔ በመጨረሻ ያሠራሁት ነው። አንድ ያገለገለ ወንበር ገዝቼ የመኪና ወንበር ለሚሰፋ ሰው ወሰድኩ። የራሴን አልነካሁም፤ ሥራው ቢበላሽ የምመለስበት አለኝ። ስፖንጅ ስትገዙ ሻጩ «ዴንሲቲ 30 ነው» ይላችኋል። ይህ ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ 30 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ቶሎ እንዳይሞት ይረዳል እንጂ ጥንካሬውን አይነግራችሁም። ጥንካሬውን በጉልበታችሁ ሞክሩ። እኛ ያደረግነው ከሥር ከቁርጥራጭ የተጨመቀውን ጠጣር ስፖንጅ አምስት ሴንቲ ሜትር፣ ከላይ ለስለስ ያለ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ በማስቲሽ አጣብቆ በረጅም ቢላ መከርከም ነው። ፍራሽ ውስጥ የሚገባውን፣ ሲጫኑት ቀስ ብሎ የሚመለሰውን ስፖንጅ ደግሞ ብርድ ያጠነክረዋል። ሐዋሳ ላይ ቅቤ የነበረው ሀገረ ሰላም ሲደርስ ድንጋይ ይሆናል፤ ሦስተኛው ወንበሬ ይኼ ነበር።

ወንበር ላይ የሚደረገው ለስላሳ ጄልስ? አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ላከልኝ። ሐዋሳ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት አቁሜው መጥቼ ስቀመጥ ምጣድ ላይ እንደወጣች እንጀራ ሆንኩ። ጄል ሙቀት ይይዛል። የግድ ካላችሁ ከስፖንጅ ሥር ቅበሩት። ለሙቀት ከሁሉ የሚሻለው አያቶቻችን የሚያውቁት አጎዛ ነው። ፀጉሩ አየር ያስገባል፣ ላብ አይዝም። ዝናብ ሲመጣ ግን ቶሎ ገፋችሁ ከላስቲክ ውስጥ ክተቱት፤ አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ ገንዳ ላይ ነው የምትቀመጡት።

የወንበሩን ልብስ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ስፌቱ አጥንቶቹ በሚያርፉበት ቦታ አይለፍ። ይቆረቁራል፣ ዝናብም በመርፌው ቀዳዳ ይገባል። ስፌቱ ወደ ጎን ይውረድ።

ወንበር ሰፊው ልብሱን በስቴፕለር መትቶ ሊጨርስ ሲል አስቁሙት፤ መጀመሪያ ነድታችሁ ሞክሩት። እኔ የድሮውን ልብስ በሰፊ ፕላስተር ጠቅልዬ አንድ ሳምንት ነዳሁበት። ዲላ ስደርስ የማኅበሩ ዘበኛ «ሞተሩ ታሟል እንዴ?» ብሎ ስቆብኛል። በግራ በኩል አንድ ጣት የሚያህል አበጥ ብሎ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ አልታየኝም፣ ሃምሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን ታወቀኝ። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጌ መለስኩለት፤ ቆረጠልኝ፣ ከዚያ ልብሱ ተመታ።