ፕሪሴቱ ሴቭ ሆኗል፣ ጽሑፉ ግን እንዳሰባችሁት አይወጣም? ችግርና መፍትሄ

በኤአይ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ሰዎች ያንኑ ትዕዛዝ በየቀኑ ኮፒ ፔስት ማድረግ ሲሰለቻችሁ ፕሪሴት ትሠራላችሁ። ቻትጂፒቲ ላይ ጂፒቲ፣ ጀሚናይ ላይ ጀም፣ ክላውድ ላይ ፕሮጀክት ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው ተቀራራቢ ነው። መመሪያውን አንዴ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ አዲስ ቻት በከፈታችሁ ቁጥር ራሱ ይገባል። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ፤ ፕሪሴት ሞዴሉን፣ ማለትም የሚጽፍላችሁን ኤአይ፣ አያሠለጥነውም። ከእናንተ መልእክት በፊት የሚነበብ ጽሑፍ ነው፣ በቃ። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ርዕሱ ቢቀየርም ጽሑፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው

ስለ ሽንኩርት ዋጋም ጠይቁት ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ «ቴክኖሎጂ በፍጥነት እያደገ ባለበት በአሁኑ ዘመን» ብሎ ይጀምራል። መንስኤው ብዙ ጊዜ ፕሪሴቱ ውስጥ ያሉት ቅጽሎች ናቸው። «ማራኪ፣ ፕሮፌሽናል፣ ሳቢ አድርገህ ጻፍ» ስትሉት ለማንም የሚጽፈውን ይጽፍላችኋል፣ ምክንያቱም የእናንተ «ማራኪ» ምን እንደሚመስል የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ቅጽሎቹን አውጡና ሊታይ የሚችል ነገር አስገቡ። ለምሳሌ፦ «የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዋጋ፣ ቦታ ወይም ቀን ይኑር። አንድ አንቀጽ ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ።» ከዚያ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ሁለት ሦስት አንቀጽ እንደ ናሙና ጨምሩ። እንዲህ ያለ ናሙና ከአንድ ገጽ ማብራሪያ የበለጠ ይሠራል።

ያልሰጣችሁት ቁጥር ወይም ቦታ ጽሑፉ ውስጥ ይገባል

ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው፣ አንባቢን ያሳስታል። ሁለት መንስኤ አለው።

አንደኛው ያ ናሙና ራሱ ነው። ናሙናችሁ ስለ መርካቶ የጤፍ ዋጋ ከሆነ፣ ስለ ቤት ኪራይ ስታጽፉት መርካቶና የኩንታሉ ዋጋ ብቅ ሊሉ ይችላሉ። ሞዴሉ አጻጻፉን ከወሬው ለይቶ ማየት እንዳለበት አልተነገረውም። ስለዚህ በናሙናው ውስጥ ያሉትን ቁጥሮችና ስሞች አውጡ፣ ናሙናው የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ በግልጽ ምልክት አድርጉ፣ ከሥሩም «ከዚህ አጻጻፉን ብቻ ውሰድ፣ መረጃውን አትጠቀም» በሉት። በሁለት የተለያየ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ናሙናዎች ብትሰጡት ደግሞ የጋራቸው አጻጻፉ መሆኑ ይገባዋል።

ሁለተኛው ባዶ የተተወ ቦታ ነው። ፕሪሴቱ «ከዋጋ ዝርዝር ጋር ጻፍ» እያለ እናንተ ዝርዝሩን ካልሰጣችሁት ከራሱ ፈጥሮ ይሞላል። ይህችን መስመር ሁሉም ፕሪሴት ውስጥ አስገቡ፦ «ያልሰጠሁህን ቁጥር፣ ስምና ቀን አትጻፍ። የሚያስፈልግ ከሆነ ቦታው ላይ [ይጣራ] በል።» እንደዚያም ሆኖ ከማውጣታችሁ በፊት ቁጥሩን ሁሉ በዓይናችሁ እዩት።

አማርኛው ይዘበራረቃል

አንዱ አንቀጽ «ይችላሉ»፣ ቀጣዩ «ትችላለህ»፣ መጨረሻው «ትችላላችሁ»። አንዱ ጋ «።» ሌላው ጋ ሁለት «፡፡» ተደራርቦ። መንስኤው አለመወሰናችሁ ነው፤ እናንተ ካልመረጣችሁለት እሱ በየቦታው የመሰለውን ይመርጣል። ፕሪሴቱ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«አንባቢውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ‹እናንተ› በል። አራት ነጥብ ‹።› ብቻ ይሁን። የሰጠሁህን ቀንና ሰዓት እንዳለ ጻፈው፣ ወደ ሌላ አቆጣጠር አትቀይር።»

የመጨረሻዋ ለምን? ሞዴሉ የፈረንጆቹን ዓመት ወደ እኛ ሲቀይር ዝም ብሎ 8 ሊቀንስ ይችላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ግን ልዩነቱ 7 ነው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በፈረንጆቹ 2024 ላይ ነው የሚውለው፣ ጥር 2017 ዓ.ም. ግን 2025 ላይ። ሰዓቱማ የባሰ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነን የክትባት ቀጠሮ «9 ሰዓት» ብሎ ቢጽፈው እናትየው ልጇን ይዛ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ስለዚህ ቀኑንና ሰዓቱን ራሳችሁ ቀይራችሁ ስጡት።

መጀመሪያ ይታዘዛል፣ በኋላ ይረሳል

በአንድ ቻት ውስጥ ጽሑፍ ላይ ጽሑፍ ስትደራርቡበት፣ ሞዴሉ በአንዴ ሊይዘው የሚችለው ጽሑፍ ገደብ ስላለው፣ የመጀመሪያው መመሪያ ጉልበቱን ያጣል። በአማርኛ ደግሞ ገደቡ ቶሎ ይደርሳል። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በተለመደው ዘዴ (ዩቲኤፍ-8) አንዱ የኛ ፊደል 3 ባይት ቦታ ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው 1 ብቻ፤ ሞዴሎቹም አማርኛን ከእንግሊዝኛ ይልቅ ብዙ ቁርጥራጭ አድርገው ነው የሚያነቡት። ጽሑፉ መሃል ላይ የሚቋረጥባችሁም አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አዲስ ቻት ክፈቱ። ረጅም ከሆነ በክፍል በክፍል አስጽፉት። እንዳይጣስ የምትፈልጉትን አንድ ሕግ ደግሞ በራሳችሁ መልእክት መጨረሻ ላይ ድገሙት።

ፕሪሴቱን አስተካከልኩት፣ ለውጥ ግን የለም

ምናልባት የቀጠላችሁት በድሮው ቻት ላይ ነው፣ አዲስ ክፈቱና ሞክሩ። ካልሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለሁሉም ቻት የሚሠራውን አጠቃላይ መመሪያ እዩ። እዚያ «አጭር መልስ ስጠኝ» የሚል ካለ፣ ፕሪሴታችሁ ካለው «ዘርዝረህ ጻፍ» ጋር ይጋጫል። ስታስተካክሉ አንድ መስመር ብቻ ቀይሩና በዚያው ርዕስ ሞክሩት፤ አምስቱን በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

700 ቃል ብለው 400 ይሰጠኛል

ሞዴሎች ቃል ቆጠራ ላይ ደካማ ናቸው። በቃል ፋንታ የአንቀጽ ብዛት ስጡት፣ በእያንዳንዱ አንቀጽ ምን እንደሚነሳም ንገሩት።

ፕሪሴቶቹ በዝተው ግራ አጋቡኝ

ለየርዕሱ አንድ ፕሪሴት ስለምትሠሩ ነው። ለኔ ትክክለኛው አሠራር ይሄ ነው፦ የማይቀየረው ብቻ ፕሪሴቱ ውስጥ ይግባ፣ ማለትም አንባቢው፣ አጠራሩ፣ አጻጻፉ፣ የተከለከለው። የሚቀየረው በባዶ ቦታ ይቀመጥ፦ «ርዕስ፦ [ ]። ያለኝ መረጃ፦ [ ]። አንባቢው በመጨረሻ ምን ያድርግ፦ [ ]።» እንዲህ ከሆነ ለዜና አንድ፣ ለማስታወቂያ አንድ፣ ለመመሪያ አንድ ይበቃል። ስሙ ላይ ያስተካከላችሁበትን ቀን ጨምሩ። የፕሪሴቱን ጽሑፍ ደግሞ ኖት ላይ ወይም ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ አኑሩት፤ አካውንቱ ቢዘጋባችሁ ወይም ወደ ሌላ መሣሪያ ብትዞሩ ከዚያ አንስታችሁ ትለጥፉታላችሁ።