በቅናሽ የተገዛ ቆርቆሮ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ግንቦት ሲገባ ጎንደር ላይ የመዶሻ ድምፅ ይበዛል። ሰኔ ሳይደርስ ቤቱን ለመክደን የሚጣደፍ ሰው፣ የቆርቆሮ ዋጋ ሲሰማ ዓይኑ የሚያርፈው በሱቁ ጥግ ለብቻው በተከመረው ላይ ነው፤ ከፋብሪካ እንከን ተገኝቶበት በቅናሽ የወጣ፣ ነጋዴው «ሁለተኛ ደረጃ» የሚለው ዓይነት። እንዲህ ያለውን ቆርቆሮ መግዛት ሞኝነት አይደለም። እንከኑ የመልክ ብቻ ከሆነ ገዢው አተረፈ ማለት ነው። የውፍረት፣ የልክ ወይም የዚንክ ሽፋን ጉድለት ከሆነ ግን ቅናሹን ሐምሌ ይበላዋል። ችግሩ ሻጩ «ትንሽ ጭረት ነው» ከማለት ያለፈ ነገር አለመናገሩ ነው፤ ስለዚህ መርማሪው ገዢው ራሱ ነው።

ሲያነሱት ይልፈሰፈሳል፣ አናጢው ሲረግጠው ይጎደጉዳል

ምክንያቱ መሳሳት ነው። በቆርቆሮ ላይ የሚጻፈው የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፤ 35 ቁጥር ከ28 ቁጥር የሳሳ ነው። በቅናሽ ክምር ውስጥ ግን ቁጥሩ ሊደበዝዝ፣ ጭራሽ ላይኖርም ይችላል። በጣት መዳበስ ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። የሚታመነው ሚዛን ነው።

አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት 7.85 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙና ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው፣ ጉብታውንና ስርጉዱን እየተከተሉ ስፋቱን ይለኩ፤ ቀጥ አድርገው ከለኩ ስሌቱ ይበላሻል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ በዚህ መንገድ የተለካው ስፋቱ 1 ሜትር ከሆነ፣ የ0.3 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ ወደ 4.7 ኪሎ፣ የ0.25ቱ ወደ 3.9 ኪሎ፣ የ0.2ቱ ወደ 3.1 ኪሎ ይመዝናል። አንዱን ብቻ ከመመዘን አሥሩን በአንድነት በእህል ሚዛን ላይ አውጥቶ ለአሥር ማካፈል ይሻላል። ነጋዴው ሚዛን ሲያይ ፊቱን ካጠቆረ እሱም አንድ መልስ ነው።

ከተገዛ በኋላ ከሆነ የታወቀው፣ መፍትሔው ማገሩን ማቀራረብ ነው። ተጨማሪው እንጨትና ሚስማር ግን ገንዘብ ነው፤ ከቅናሹ ጋር አስተያይተው ካላዋጣ ቀጭኑን ለአጥር ወይም ለማገዶ ቤት ያውሉትና ለመኖሪያው ሌላ ይግዙ።

ጎን ለጎን ሲደረብ አይገጥምም

ሁለት ቆርቆሮ ሲደራረብ ጉብታ በጉብታ ላይ ካልተኛ በመካከሉ ክፍተት ይቀራል፤ ነፋስ የገፋው ዝናብም በዚያው ይገባል። ይህ የሚሆነው በአንድ ክምር ውስጥ በተለያየ ጊዜ ወይም በተለያየ ማሽን የወጣ ቆርቆሮ ሲቀላቀል ነው። በቅናሽ ዕቃ የተለመደ ነው፤ ቢሆንም በመዶሻ እየመቱ ለማስተኛት አይሞክሩ፤ ጉብታው ይጨፈለቃል፣ ዚንኩም ይሰነጠቃል።

መፍትሔው መለየት ነው። ጣሪያ ላይ ሳይወጣ መሬት ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ያስተኙ። ሙሉ በሙሉ የሚቀመጡትን በአንድ ወገን ይከምሩ፣ የሚወዛወዙትን በሌላ፤ በየክምሩ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። አንደኛው ክምር ለፊተኛው የጣሪያ ገጽ፣ ሁለተኛው ለኋለኛው ወይም ለማድ ቤቱ ይሁን። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ባይገናኙ ማንም እንከኑን አያውቅም።

በዚያው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሰያፉን በሁለቱም በኩል ይለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ቆርቆሮው ጠማማ ነው፤ ጣሪያውን በእርሱ ከጀመሩ መዛነፉ እየተጠራቀመ መጨረሻ ላይ ከቤቱ ጋር ይጣላል። የርዝመት ልዩነት ብቻ ከሆነ ግን ቀላል ነው፦ የታችኛውን ጠርዝ በክር አስተካክለው ልዩነቱን ወደ ላይ፣ በአናት ክዳኑ ሥር ይደብቁት።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ለብሷል

እርጥብ ሆኖ ተከምሮ የቆየ ቆርቆሮ ነው። አየር በሌለበት ውሃ ሲያገኘው ዚንኩ ራሱ ይበላል። ቀለል ያለው የመልክ ጉዳት ነው፤ ለያይተው በቁመት አቁመው ያድርቁት፣ በላስቲክ ብሩሽ ይፈግፍጉት። የብረት ብሩሽ ግን የቀረውን ዚንክ ጭምር ይወስዳል። ከሥሩ ጠቆር ያለ ወይም የቀላ ከታየ ሽፋኑ አልቋልና አይግዙት። ደህናውንም ቢሆን ቤት ወስደው ላስቲክ ጠቅልለው መሬት ላይ ካስተኙት ያው በሽታ ይጀምረዋል።

ከወራት በኋላ ቀይ ነጠብጣብ ወጣበት

ሁሉ ጊዜ ጥፋቱ የፋብሪካ አይደለም። ነጠብጣቡ በተቆረጠበት አካባቢ ከተበተነ፣ ምክንያቱ የብረት መቁረጫ ማሽን የረጨው የጋለ ፍንጣሪ ነው፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ መቀስ ይቆረጣል፣ ብናኙም በዚያው ቀን ይጠረጋል። ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ከሆነ እርጥብ ሲሚንቶ ወይም ኖራ ነክቶታል። ከምጣድ በላይ ከሆነ ጭሱና እንፋሎቱ ነው። ከነዚህ ሁሉ ውጭ፣ በገጹ መካከል እንደ ሽንብራ ፍሬ እዚህም እዚያም ከታየ ግን ከመጀመሪያውም ዚንክ ያልያዘው ቦታ ነበር። ዝገቱን እስከ ብረቱ ፈግፍገው ዚንክ የበዛበት ቀለም ይቀቡት።

የተቀባው ቀለም ይላጣል

ተራ የዘይት ቀለም በአዲስ ዚንክ ላይ ሲቀባ ከዚንኩ ጋር ተዋህዶ ሳሙና መሰል ነገር ይሠራል፤ ከዚያ ይነሳል። ፍቀው፣ አጥበው፣ ለዚንክ ቆርቆሮ የተዘጋጀ የመጀመሪያ ቀለም ያስቀድሙ።

ያንጠባጥባል

መጀመሪያ መቼ እንደሚያንጠባጥብ ይወቁ። በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ማግሥት፣ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር ጧት የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀዳዳ የለም። የጎንደር ሌሊት ቆርቆሮውን ያቀዘቅዘዋል፤ የቤቱ እንፋሎት ከሥሩ ወደ ውሃ ይለወጣል። አየር መውጫ ማበጀትና ኮርኒስ መሥራት እንጂ ማሸግ አይረዳም።

በዝናብ ጊዜ ከሆነ ሚስማሩን ይመልከቱ። ባለ ጎማው ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው፤ ስርጉዱ የውሃ መንገድ ስለሆነ እዚያ የተመታ ሚስማር ዘወትር ያፈሳል። ነቅለው በጉብታው ላይ ይምቱ፣ የድሮውን ቀዳዳ በሬንጅ ወይም በሲሊኮን ይድፈኑ። ቀጥሎ የላይና የታች ድርቡን ይለኩ፤ ከ15 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ውሃው ወደ ኋላ ይወጣል። የጎን ድርቡ አፍ ዝናብ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ከዞረም ያው ነው።

ሚስማሩም ድርቡም ደህና ከሆነ ቀዳዳው ከፋብሪካ የመጣ ነው። ቀትር ላይ መስኮትና በር ዘግተው ወደ ላይ ያንጋጡ፤ የመርፌ ጫፍ የምታክለዋም ብርሃን ታስገባለች። ኮርኒስ ካለ ግን አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ማገሩን እየረገጠ በጆግ ውሃ ያፍስ፣ ሌላው ከውስጥ ይጠብቅ። ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ነው የሚፈሰው፤ ከአናቱ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ያረጥብና ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አይለይም።