አሮጌ ሞተርሆም ሰጥቶ አዲስ መውሰድ እንዴት እንደሚቻል

አሮጌ ሞተርሆምን፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ያለውን የጉዞ መኪና፣ ለዲለር (ለመኪና ነጋዴ) ሰጥቶ፣ ልዩነቱን ከፍሎ አዲስ መውሰድ አንድ ግብይት ይመስላል። በእርግጥ ግን አሮጌውን መሸጥ፣ አዲሱን መግዛት፣ የቀድሞውን ብድር መዝጋትና አዲስ ብድር መውሰድ በአንድ የወረቀት ክምር ተጠቅልለው የሚቀርቡበት ሥራ ነው፤ ሻጩም የሚጠቀመው እነዚህ አራት ጉዳዮች ሲደባለቁ ነው። እኛ ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ አካባቢ ስንኖር ሁለት ጊዜ ለውጠናል። በመጀመሪያው በመኪና የሚጎተት ቤት (ተጎታች) ሰጥተን በፎርድ ኢ-450 መኪና ላይ የተሠራ፣ ክላስ ሲ የሚባለውን ዓይነት ሞተርሆም ወሰድን፤ በሁለተኛው ያንኑ ክላስ ሲ ሰጥተን አዲስ ያዝን። ሁለተኛው የተሳካልን የመጀመሪያው ብዙ ስላስከፈለን ነው።

ከቤት ሳይወጡ ዕዳዎን ይወቁ

ሞተርሆሙ ብድር ካለበት ለአበዳሪው ደውለው የመዝጊያ ሂሳቡን በጽሑፍ ይጠይቁ። ወለዱ በየቀኑ ስለሚቆጠር በደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው ቁጥር በወርሃዊው መግለጫ ካለው ቀሪ ሂሳብ ይለያል፤ ብዙውን ጊዜም የሚያገለግለው ለ10 ቀን ያህል ነው።

የመጀመሪያውን ልውውጥ ያበላሸብኝ ይህን አለማድረጌ ነው። በተጎታቹ ላይ 19,000 ዶላር ዕዳ ነበረብኝ፤ ዲለሩ የገመተው ደግሞ 14,000 ነበር። ሻጩ ስለዚህ ጉድለት አንድም ቃል ሳይተነፍስ ወሬውን ሁሉ በወርሃዊ ክፍያ ላይ አደረገው፤ «በወር የሚጨምሩት 150 ዶላር ብቻ ነው» ሲለኝም ደስ ብሎኝ ፈረምሁ። ቤት ገብቼ ውሉን በእርጋታ ሳነብ 5,000 ዶላሩ በአዲሱ ብድር ላይ ተደምሮ፣ 5 ዓመት ብቻ የቀረው ዕዳዬም 15 ዓመት ሆኖ አገኘሁት። በእጄ ለሌለ ተጎታች ወለድ መክፈል ጀመርሁ። ዕዳዎ ከግምቱ የሚበልጥ ከሆነ ጉድለቱን በጥሬ ገንዘብ ይሸፍኑ፤ ይህ ካልተቻለ አንድ ሁለት ዓመት መቆየት ይሻላል።

ለገማቹ ዓይን ያዘጋጁት

ለዋጋው መነሻ የሚሆነው ቀድሞ ናዳ ይባል የነበረውና አሁን በጄ.ዲ. ፓወር ስም የሚወጣው የዋጋ መመሪያ ነው። መመሪያው ዝቅተኛና አማካይ የችርቻሮ ዋጋ ያሳያል፤ ዲለሩ ግን አጽድቶ፣ ጠግኖና አትርፎ ሊሸጠው ስለሆነ ከዝቅተኛውም በታች ቢያቀርብልዎ እንደ ስድብ አይቁጠሩት።

ማጠብ፣ የቆሻሻ ውሃ ታንኮቹን ባዶ ማድረግና የጥገና ደረሰኞችን በአንድ አቃፊ መሰብሰብ ማብራሪያ አያሻቸውም። ማቀዝቀዣውን ከዋዜማው ያብሩት፤ በጋዝ የሚሠራው ዓይነት እስኪቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። የጎማውን ዕድሜ ገማቹ ከጎኑ ያነበዋል፦ ዶት ከሚለው ምልክት የሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ለመለወጥ ብለው አዲስ ጎማ አይግዙ፤ ያወጡትን አይመልስልዎም።

ጊዜዎን የሚያጠፉበት ቦታ ጣሪያው ነው፤ ገማች ከተነዳው ማይል ይልቅ የሚፈራው ውሃን ነውና። በአየር ማስገቢያዎቹ፣ በአየር ማቀዝቀዣውና በማዕዘኖቹ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲሰነጠቅ ዝናብ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል፣ በውስጡ ያለው ስስ እንጨት ይበሰብሳል፣ የውጩ ፋይበርግላስም ከእንጨቱ ተላቆ ያብጣል። ፀሐይ ከጎን በምትመታበት ሰዓት ግድግዳውን በመዳፍዎ እየዳበሱ ቢያዩት እብጠቱ ይታወቃል። የተሰነጠቀውን ለጎማ ጣሪያ ተብሎ በሚሸጠው፣ ሲፈስስ ራሱ በሚዘረጋው ማሸጊያ ይድፈኑት እንጂ ተራ ሲልከን አይጠቀሙ፤ ተራው ሲልከን በኋላ ሌላ ማሸጊያ እንዳይይዝበት ከማድረጉም በላይ ገማቹን ያስጠረጥረዋል።

በእኛው ክላስ ሲ ከሾፌሩ ወንበር በላይ ባለው መኝታ ማዕዘን የሻይ እድፍ የመሰለ ክብ ነበር። ቀለም ልቀባበት ተነስቼ ባለቤቴ ከለከለችኝ። ገማቹ ሁለት ሹል ጫፍ ያለው የእርጥበት መለኪያ ይዞ ገባና ከሁሉ አስቀድሞ ያንኑ ማዕዘን ወጋው። ቦታው ደረቅ ሆኖ ስላገኘውና ያሳሸግንበትን ደረሰኝ ስላሳየሁት የቀነሰብን 800 ዶላር ብቻ ነው። እርጥብ ቢሆን ወይም ተቀብቶ ቢያገኘው ኖሮ ንግግሩ በሺዎች ይሆን ነበር።

የእኛ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር ሽታ ነው። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር በሞተርሆሙ ስንጓዝ ቡና እንቆላበታለን፣ ወጥ እናሞቅበታለን፤ ለእኛ አይሸተንም እንጂ መጋረጃውና ፍራሹ በርበሬና ቅቤ ጠጥተው ነበር። መጋረጃዎቹን አጥበን፣ መደርደሪያዎቹን በኮምጣጤ ወልውለን፣ መስኮቶቹን ከፍተን አንድ ሳምንት ካቆየነው በኋላ ነው የወሰድነው።

ድርድሩን በልዩነቱ ላይ ያድርጉ

አዲስ አበባ ባደግሁበት ሰፈር «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ነጋዴ አሮጌ ጫማና ኮት ተቀብሎ ሳፋና ብርጭቆ ይሰጥ ነበር። እናቴ ኮቱን ከማውጣቷ በፊት «ሳፋው በገንዘብ ስንት ነው?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ዋጋውን አንዴ ከተናገረ በኋላ ከፍ ሊያደርገው ይቸገራል። ሞተርሆም ሲለውጡም የሚጠየቀው ይኸው ነው። ለአሮጌው ከፍ ያለ ግምት መስጠት ለዲለሩ ቀላል ነው፤ በአዲሱ ዋጋ ላይ መልሶ ይወስደዋል።

ምሳሌ ልስጥ። አዲሱ ሞተርሆም 120,000 ዶላር ተለጥፎበታል እንበል። አንዱ ዲለር ለአሮጌው 40,000 ሰጥቶ አዲሱን በ118,000 ይሸጥልዎታል፤ ልዩነቱ 78,000 ነው። ሌላው ለአሮጌው 31,000 ብቻ ሰጥቶ አዲሱን በ98,000 ይሸጥልዎታል፤ ልዩነቱ 67,000 ነው። ብዙ ሰው በ40,000ው ተደስቶ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል፣ 11,000 ዶላርም ይከስራል። ስለዚህ ቢያንስ ለሦስት ዲለሮች የአሮጌውን ፎቶ፣ የተነዳውን ማይልና ጄኔሬተሩ የሠራበትን ሰዓት በኢሜይል ልከው የአዲሱን ዋጋ፣ የአሮጌውን ግምትና የሰነድም ሆነ የዝግጅት ክፍያ ሁሉ ተጨምሮበት የሚቀረውን ልዩነት ለየብቻ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። በወር ስንት መክፈል እንደሚፈልጉ ከተጠየቁ፣ ስለ ብድር የምነጋገረው ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ ነው ብለው ይመልሱ። የራስዎን ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን የብድር ፈቃድ ይዘው ከሄዱማ ይህ ጥያቄ ጉልበት አይኖረውም።

ለግል ገዢ ልሽጠው ወይስ ልለውጠው የሚለውን ሲያሰሉ ታክሱን አይርሱ። በቴክሳስ የሽያጭ ታክሱ 6.25 በመቶ ሲሆን የሚታሰበው የአሮጌው ዋጋ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ስለዚህ በ31,000 የተለወጠ ሞተርሆም 1,937.50 ዶላር ታክስ ያድናል፤ እውነተኛ ዋጋው 33,000 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ለግል ገዢ በ36,000 የሚሸጥ ከሆነ ትርፉ 3,000 ገደማ ነው፤ ለዚያ ብዬ ለሁለት ወር ከማያውቁኝ ሰዎች ጋር ቀጠሮ አልይዝም። በቨርጂኒያ ግን 4.15 በመቶው የሚታሰበው በአዲሱ ሙሉ ዋጋ ላይ ስለሆነ ይህ ጥቅም የለም፤ እዚያ የምኖር ብሆን ራሴ መሸጡን እመርጥ ነበር።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዲለሮች በግቢያቸው ያቆሙትን በአብዛኛው በብድር ስለሚይዙ ባለፈው ዓመት ሞዴል ላይ ወለድ እየከፈሉ ክረምት መግባት አይወዱም። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ መሄድ ይጠቅማል።

ሳይፈርሙ ይሞክሩት

አዲስ ነው ብለው አይመኑ፤ አዲስ ሞተርሆም ከፋብሪካ ከነጉድለቱ መውጣቱ የተለመደ ነው። እያንዳንዱን ቧንቧ ከፍተው ከሥሩ ያለውን ሳጥን በባትሪ ይመልከቱ፣ ከጎን ወደ ውጭ እየተገፋ ቦታ የሚያሰፋውን ክፍል አስወጥተው ያስገቡ፣ ምድጃውን፣ ማሞቂያውንና ጄኔሬተሩን ያስነሱ። እኛ በሁለተኛው ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅተን የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብና አንድ የመስኮት መዝጊያ እንደማይያዝ አገኘን፤ የአሮጌውን ሞተርሆም ቁልፍ ገና ሳላስረክብ ኪሴ ውስጥ ይዤ ስለነበር በዚያው ዕለት ተጠገነ። ጥገናውን «በኋላ ያምጡት» ካሉዎ አይፈርሙ፤ ከፈረሙ በኋላ ወረፋው የሳምንታት ነው።

ካስረከቡ በኋላ

የአሮጌውን ብድር ወርሃዊ ክፍያ አበዳሪው ሂሳቡ መዘጋቱን በጽሑፍ እስኪያረጋግጥልዎ አያቋርጡ። ለአሮጌው የተራዘመ ዋስትና ገዝተው ከነበረ ይሰርዙት፤ ላልተጠቀሙበት ጊዜ ተመላሽ ሊኖርዎ ይችላል፤ ዲለሩ ግን አያስታውስዎም። የክፍያ መንገድ መለያውንም ከመስታወቱ ላይ ይላጡ። እኔ ረስቼው አሮጌው ቤታችን ከእኛ ከተለየ በኋላ በየትኞቹ መንገዶች እንዳለፈ ከሂሳብ መግለጫዬ ላይ አነበብሁ።