አስታማሚዋ ስትታመም፦ ስለ ሐሞት ጠጠር

ባለቤቴ እግሩ ተሰብሮ በተኛበት ሰሞን እኔን ያሳተኝ ቀኝ ትከሻዬ ነው። እሱን ደግፌ ሳነሳ የተጎዳሁ መስሎኝ ቅባት ስቀባ ከረምኩ። ለካስ ጠጠር ያለበት የሐሞት ከረጢት ሕመም ወደ ቀኝ ትከሻና ወደ ጀርባም ይሄዳል!

የጡንቻ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ስትንቀሳቀሱ ይብሳል፣ ስታርፉ ይቀላል። የሐሞቱ ግን ብዙ ጊዜ ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ይመጣል። ብትገላበጡም አይለቅም። ከ30 ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓታት ሊቆይ ይችላል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ነገር ምግብ መዝለል ነው። አስታማሚ ሌላውን አብልቶ ራሱን ይረሳል። ሆድ ባዶ ሲውል ሐሞቱ ከረጢቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል፤ ማታ ቅባታም ምግብ ሲገባ ከረጢቱ በኃይል ይጨመቃል። ስለዚህ ለታማሚው ባቀረባችሁ ቁጥር እናንተም ቅባት ያልበዛበት ነገር ትንሽ ቅመሱ። እኔን ይቺ ብቻ ብዙ አሳርፋኛለች።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም አልለቅ ያለ ሕመም ካለ ግን «እሱን ለማን ጥዬ» አይባልም፤ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ነው። የሚተካችሁን ሰው ከአሁኑ አነጋግሩ። ቀዶ ሕክምና ከተወሰነም ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት ይከለከላል። ባልም ከባድ ነገር ነው።