የሳይንስ መኪናው ከመነሳቱ በፊት

የሳይንስ መሞከሪያ ዕቃ በሚኒባስ ጭነን ወደ ትምህርት ቤቶች እንሄዳለን። በመጀመሪያው ጉዟችን መምህራኑ አርጩሜ ይዘው ሰልፍ ሲያስከብሩ ነው የዋሉት። እኛ ከሚኒባሱ ዕቃ አውርደን ተማሪውን አስደነቅንና ሁሉንም ጭነን ተመለስን። ለትምህርት ቤቱ የቀረለት ፎቶ ብቻ ነበር።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን።

ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ማህተም ከሌለው ከጥበቃው በር አያልፍም። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ደግሞ የመግባቢያ ሰነድ ትፈራረማላችሁ፤ ይሁን። ግን ነዳጁን ማን ይችላል? የሾፌሩን አበልስ? የመምህራኑን የቅዳሜ ምሳና ትራንስፖርትስ? ለእያንዳንዱ ኃላፊ መድቡለት። "በጋራ ይሸፈናል" የሚል ካያችሁ ሰርዙት። እኛን አንድ ጊዜ አቃቂ መንገድ ላይ ያለ ነዳጅ ያስቀረን እሱ ነው።

ርዕሰ መምህሩን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፈረቃ አለ? ፈተና መቼ ነው? የሚሠራ ሶኬት የት ክፍል ነው?

ዋናው ሥልጠናው ነው። መኪናው ከመሄዱ በፊት ባለው ቅዳሜ መምህራኑን ሰብስቡ። ፓወርፖይንቱን ተዉት፤ እጃቸው ይሥራ። እኔ የምጀምረው ውሃ በማፍላት ነው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ቴርሞሜትሩ 91 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። "ተበላሽቷል" አሉ አንዲት መምህርት። ቀየርንላቸው፤ ያው ነው። መጽሐፉ 100 የሚለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ የሚጫነው ስለሚቀንስ ውሃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። አቃቂ ቢሆን 93 ገደማ፣ እንጦጦ አናት 90 ገደማ ነው። መምህርቷ ሳቁና "ለዚህ ነዋ ሽምብራው አልበስል የሚለኝ!" አሉ።

ቀጥሎ መርፌው የወጣለት ስሪንጅ እሰጣቸዋለሁ። 70 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ሲሶውን ይሙሉ፤ አየሩን ያስወጡ፤ አፉን በጣት ይድፈኑና መግፊያውን ወደ ኋላ ይሳቡ። ውስጡ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ እሳት ሳይነካው ይፈላል። መኪናው በመጣ ዕለት ይህን ለተማሪው የሚያሳዩት እነሱ ናቸው፤ እኛ ዕቃ አቀባይ ነን።

ዕቃውን ትታችሁ ስትወጡ አንድ ጥንቃቄ አለ። በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ንብረት ክፍል ከገባ ተቆለፈበት ማለት ነው፤ ንብረት ክፍሉም እንዳይጠየቅ ይፈራል። ስለዚህ በዚያው ቀን መምህሩ በሞዴል 22፣ በወጪ ደረሰኙ፣ ፈርሞ ያውጣው።

ከወር በኋላ ተመለሱ። ስሪንጁ ተሰንጥቆ ካገኛችሁት እሰየው፤ ሌላ ስጧቸው።