ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ለሚገኝ ሰዎች የልብ ምስል ምርመራ አስተዛዘዝና አነባበብ

ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ የሚወስዱ ሰዎች ዛሬ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፤ ስለዚህም ሐኪማቸው ልባቸውን በቅርብ መከታተል ይኖርበታል። የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ቢደርስም በሰውነት ውስጥ ያለው ብግነት ጨርሶ ስለማይጠፋ፣ በልብና በደም ቧንቧ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ቫይረሱ ከሌለባቸው ሰዎች ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። እንዲህም ሆኖ ምልክት ለሌለው ታካሚ ሁሉ የልብ ምስል ማዘዝ ተገቢ አይደለም። በቅድሚያ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኮሌስትሮልና የኩላሊት ሁኔታ ይታያል፣ ስለ ሲጋራ ይጠየቃል፣ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ምርመራ) ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ምስሉ እንዲመልሰው የሚፈለገው ጥያቄ ተለይቶ ይጻፋል።

«የልብ ምርመራ ይደረግ» የሚል ማዘዣ ለባለሙያው የሚነግረው ነገር የለም። በአንጻሩ፣ «ዕድሜ 46፤ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ዝቅተኛው ሲዲ4 90 ነበር፤ የቫይረሱ መጠን አሁን አይታይም፤ ቀደም ሲል ቲቢ ታክመዋል፤ የልብ ድካም ነው ወይስ የሳንባ ደም ግፊት?» ተብሎ ቢጻፍ፣ ባለሙያው ዓይኑን የት ላይ እንደሚያሳርፍ ያውቃል (ሲዲ4 ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የበሽታ መከላከያ ሕዋሶች ቁጥር ነው)። ይህ መረጃ የታካሚው ምስጢር በመሆኑ በፈቃዱ ብቻ፣ ለሚመለከተው ባለሙያ ብቻ ይደርሳል።

መጀመሪያ የሚታዘዘው ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ ጨረር የለውም፣ ታካሚው በግራ ጎኑ ተኝቶ ይሠራለታል። ብዙዎች ከውጤቱ የሚያነቡት ልብ በአንድ ምት የሚረጨውን የደም መጠን በመቶኛ የሚያሳየውን ቁጥር ብቻ ነው። ሕክምናው ባልተስፋፋበት ዘመን የተለጠጠና የደከመ ልብ በብዛት ይታይ ስለነበር ይህ ቁጥር ብዙ ይናገር ነበር፤ ዛሬ ግን ቁጥሩ 60 በመቶ ሆኖ ሳለ ልቡ ደንድኖ በአግባቡ የማይላላ ታካሚ አለ። ስለዚህ የልብ መላላት አቅም፣ የግራው የላይኛ ክፍል ስፋትና፣ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ፣ የልብ ጡንቻ መኮማተር ልኬት እንዲካተቱ በማዘዣው ላይ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቀኝ በኩል በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መካከል ባለው በር ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም ፍጥነት በሰከንድ ከ2.8 ሜትር በላይ ከሆነ የሳንባ ደም ግፊት ይጠረጠራል፤ ሲዲ4 ከፍ ማለቱ ይህን ጥርጣሬ አያስቀረውም። በልብ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ ከታየም ቲቢን ሳያጣሩ ማለፍ አይገባም።

የደረት ሕመም ሲኖር ልብን የሚመግቡ ቧንቧዎችን በሲቲ ስካን ማየት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይፈጸማል፤ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የተጠራቀመውን ካልሲየም የሚለካው ውጤት ዜሮ ስለሆነ ብቻ ቧንቧው ንጹሕ ነው ይባላል። በእነዚህ ታካሚዎች ዘንድ ገና ካልሲየም ያልያዘ ለስላሳ የቅባት ክምችት የተለመደ በመሆኑ፣ ዜሮ ውጤት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ2023 ውጤቱ ይፋ የሆነው ሪፕሪቭ የተባለው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 የሆኑና የልብ ሕመም ሥጋታቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ የተባሉ 7,769 ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎችን ይዞ፣ ፒታቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች አንዱ) ከባድ የልብና የደም ቧንቧ አደጋዎችን በ35 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በመሆኑም ስታቲን የሚያስፈልገውን ሰው «ምስሉ ጥሩ ነው» ብሎ መከልከል፣ በእኔ እምነት፣ ምስሉን ያለ ቦታው መጠቀም ነው።

ኤምአርአይ፣ ማለትም በመግነጢስ የሚነሣ ምስል፣ የሚታዘዘው የጡንቻ ጠባሳ ወይም ብግነት ተጠርጥሮ ኢኮው መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው።

ከሲቲ በፊት የመድኃኒት ዝርዝሩን መመልከት ግዴታ ነው። ዶሉቴግራቪር የተባለው ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ኩላሊትን ሳይጎዳ ክሬአቲኒንን (የኩላሊት ሥራ የሚገመትበትን የደም ልኬት) በጥቂቱ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ቧንቧው ጎልቶ እንዲታይ በደም ሥር የሚሰጠውን ኮንትራስት ከመከልከል በፊት ይህ ይታሰብ። የልብ ምትን ለማዘግየት የሚሰጠው ሜቶፕሮሎል የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒቶችን ኃይል ለማጠናከር የሚሰጡትን ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት በሚወስድ ሰው ላይ ሊበረታ ስለሚችል በዝቅተኛ መጠን ተጀምሮ ክትትል ይደረግበታል። ቧንቧውን ለማስፋት ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ለወንድ ብልት መቆም ችግር ከሚወሰደው ሲልዴናፊል ጋር ከተገናኘ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል፤ ሪቶናቪርና ኮቢሲስታት ደግሞ ሲልዴናፊል በደም ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማሉ። ታካሚው ሲልዴናፊል እንደሚወስድ በሰው ፊት ላይናገር ስለሚችል፣ ጥያቄው በር ተዘግቶ፣ አስታማሚም በሌለበት ይቅረብለት።