ጣቱ ቢንቀሳቀስም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል

በድንገተኛ ክፍል ስሠራ እጁ አብጦ ከሚመጣ ሰው ደጋግሜ የምሰማት ነገር አለች፤ «ይንቀሳቀሳል እኮ፣ አልተሰበረም።» እባካችሁ በዚህ አትተማመኑ። ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻና ጅማት ናቸው። አጥንቱ ተሰንጥቆም ጣቱ ሊታጠፍ ይችላል።

ቀለበት ካለ ከሁሉ በፊት አውልቁት። እብጠቱ ከጨመረ አይወጣም፣ ደምም ሊያግድ ይችላል።

ከዚያ ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አስተያዩ። አንድ እጅ 27 አጥንቶች አሉት፤ ከጤነኛው የተሻለ ማነጻጸሪያ የለም። እኔ በጣቴ ጫፍ አጥንቱን እየተከተልኩ ቀስ ብዬ እጫናለሁ። ሕመሙ አጥንቱ ላይ አንድ ነጥብ ላይ ከበረታ ስብራት እጠረጥራለሁ።

በጣም የምወደው ምርመራ ግን ጣቶቹን በቀስታ ማሳጠፍ ነው። ጤነኛ ጣቶች ሲታጠፉ ጫፋቸው ወደ አውራ ጣት ሥር ያዘነብላል። አንዱ ጎረቤቱ ላይ ከወጣ አጥንቱ ተሰብሮ ዞሮ ሊሆን ይችላል። ተዘርግቶ ሲታይ ቀጥ ያለ ስለሚመስል ብዙዎች ያልፉታል። እንደዞረ ከገጠመ ደግሞ ዕቃ መጨበጥ ያስቸግራል።

በቡጢ ግድግዳ የመታ ሰው ጡጫ ሲጨብጥ የትንሿ ጣት አንጓ ገባ ብላ ከጠፋች፣ ከሥሯ ያለው አጥንት ተሰብሮ ይሆናል። የተመታው የሰው ጥርስ ከሆነና ቆዳው ከተቆረጠ፣ ቁስሉ ኢምንት ቢሆንም በዚያው ቀን ታዩ። ክፉኛ ያመረቅዛል።

መዳፉን ዘርግቶ የወደቀ ሰው አውራ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስር። በሥሩ፣ በጅማቶቹ መካከል ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። እሱ ሲነካ ካመመ ወለምታ ነው ብላችሁ አትተዉት። እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ደም የምታገኘው በአብዛኛው ከአንድ ጫፍ በኩል ነው፤ ስትሰበር ከፊሏ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። የመጀመሪያው ራጅም ስብራቷን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ራጁ ንጹህ ቢሆንም እጁ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ይታያል።

ሐኪም ቤት እስክትደርሱ እጁን ከልብ ከፍ አድርጉ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙበት። አትሹት፣ አትጎትቱት። ጣቱ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም አጥንት ከታየ ለነገ አትበሉ።